ቤት በባሕር ላይ

ሰው መሬት ሳይረግጥ መኖር ይችላልን? ዘመናችን «በሚገባ!» ይላል። በጥር 2016 ዓ.ም. መንገደኛ መጫን የጀመረችው «አይከን ኦፍ ዘ ሲስ» 365 ሜትር ትረዝማለች፤ እስከ 7 ሺህ 600 እንግዳ ትይዛለች። «ዘ ወርልድ» የምትባለዋ መርከብ ደግሞ ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ የባለጸጎች መኖሪያ ናት። የ165 ቤቶቿ ባለቤቶች ወዴት እንደምትሄድ መክረው ይወስናሉ። አገሩ ሲሰለቻቸው አገሩን ይለውጣሉ፤ ቤታቸው ግን ያው ነው።

ይህን ወሬ ቢቸና ወይም ሞጣ ተቀምጦ የሚሰማ ሰው ይስቅ ይሆናል። እድሩስ? ደቦውስ? ቀብሩስ የት ሊሆን ነው? ነገር ግን ለመሳቅ አንቸኩል። ጎረቤትን አለመምረጥ ሁልጊዜ በረከት አይደለም። በዚያው በጎጃም ምድር ሸማኔውና ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋም፣ በእጃቸው ሙያ ሲናቁና «ቡዳ» ሲባሉ ኖረዋል። መልሕቁን ነቅሎ የሚሄድ ቤት ቢያገኙ ማን ይፈርድባቸዋል? ከመንደር መሸሽ በራሱ ነውር አይደለም።

ጥያቄው ሌላ ነው፤ ሸሽተን የምንኖረው በማን ክንድ ነው?

ይህን የሞጣ አካባቢ ሰው ያውቀዋል። በዐፄ ፋሲል ዘመን በዓባይ ላይ የተሠራው ድልድይ በጣሊያን ወረራ ጊዜ መካከሉ ተቆርጦ «ሰባራ ድልድይ» ተባለ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት መንገደኛው በገመድ ታስሮ፣ ወዲያና ወዲህ በቆሙ ሰዎች እየተሳበ ተሻገረ። ከሥሩ ዓባይ ይጮኻል፤ ነፍሱ በሰው እጅ ናት። ሆኖም ገመዱን የያዙለትን ሰዎች ፊት ለፊት ያያቸዋል።

በታላቋ መርከብ ላይ 2 ሺህ 350 ያህል ሠራተኞች አሉ። እንግዳው ሳምንት ሰንብቶ ይወርዳል፤ እነርሱ ግን ለወራት ከልጆቻቸው ተለይተው ያበስላሉ፣ ያጥባሉ፣ ሞተር ይጠብቃሉ። በባሕር ላይ የሚኖሩትስ በእውነት እነርሱ ናቸው። ለሞጣ ቅርብ በሆነችው በባሕር ዳር ሠልጥነው በውጭ አገር የንግድ መርከቦች ላይ የሚሠሩ የእኛም ልጆች የዚህ ኑሮ ተካፋዮች ሆነዋል።

እንግዲህ ሰው በባሕር ላይ ሊኖር ይችላል። ገመዱን የያዘለትን ሰው የማያውቅ ግን የተጫነ ዕቃ እንጂ ነዋሪ አይባልም። ለዚህ ደግሞ ውቅያኖስ መሻገር አያስፈልግም። እዚሁ አዲስ አበባ፣ ፎቅ ላይ ሆነን፣ ልብሳችንን የምታጥብልን ልጅ ከቢቸና ትምጣ ከሞጣ ሳንጠይቃት ዓመት የምንከርም ስንቶች ነን?