ቀጠሮውን የዳነችው እግር ትቁረጠው

ልጄ፣ ከፋሲካ በኋላ ወደ ውጫሌ ስትመለስ ሐይቅ ወርደህ ቤቴ ገብተህ ነበር። ቡናው ሲፈላ በርጩማው ላይ ልትቀመጥ ስትል ጮኽሁብህ፤ ሰው ፊት ስለሆነ ቅር ብሎህ ይሆናል። ቅር አይበልህ። በጥር የተቀየረ ዳሌ በሚያዝያ በርጩማ ላይ አይቀመጥም። ጉልበትህ ከዳሌህ በላይ ከወጣ አዲሱ ኳስ ከማቀፊያው ሊወልቅ ይችላል። ያን ዕለት እንግዳ በዝቶ ያልነገርሁህን ዛሬ ልጻፍልህ።

የጠየቅኸኝ ቀኙ ከተቀየረ በኋላ ግራውን ዳሌ መቼ ላሠራ ነው። ሐኪሙ ከሦስት ወር ወዲያ፣ ዝግጁ ስትሆን ና ብሎሃል። አንተ ደግሞ ትምህርት ቤት ሲዘጋ በሐምሌ አሠርተህ፣ መስከረም 21 ቀን ግሸን ማርያም ወጥተህ ስለትህን ልታደርስ አስበሃል። አባትህም ነፍሱን ይማርና እንዲሁ ነበር፤ ሁሉን በአንድ ክረምት። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም ልጄ።

እኔ በዚህ ነገር የምናገረው ሁለቱንም ስላየሁት ነው። ቀኜን በ2003 ዓ.ም. አዲስ አበባ አሠራሁ። ሌሊት የሚያስለቅሰኝ ሕመም ጠፋ፣ ወደ ሐይቁ ዳር እየወረድሁ ታንኳ ሲገፋ ማየት ጀመርሁ። ግራው ያመኝ ነበር፤ ግን አንዱ ደህና ሲሆን ሌላውን መቻል ይቀላል። ዘንድሮ እህሉ ይግባ፣ ከርሞ ልጅቱን ልዳር እያልሁ አምስት ዓመት አሳለፍሁ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ግራ ዳሌዬ ታጥፎ ደረቀ፣ ጭኔ ሰለለ፣ ወገቤ ተጣመመ፤ ያነከስሁበትን ሸክም ሁሉ የተሸከመችው አዲሷ ቀኝ ነበረች። በመጨረሻ ግራውን ሳሠራ ያለ ምርኩዝ ለመሄድ አንድ ዓመት ፈጀብኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የማንም አይደለም።

አንድ የማውቀው ነጋዴ ደግሞ በተቃራኒው ሄደ። የመጀመሪያው በተሠራ በስድስተኛው ሳምንት ሁለተኛውን ካላሠራሁ አለ። ደሙ ገና አልተተካም፤ ከሁለተኛው ቀዶ ሕክምና በኋላ ደም ተሰጥቶት፣ ቁስሉ አልደርቅ ብሎ ከርሞ ተነሣ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ስድስት ሳምንት የሚበቃው ሰው የለም አልልህም፤ ለሱ ግን አልበቃውም።

ስለዚህ የሰው ቀን አትዋስ። መጠበቅ ቀን መቁጠር ብቻ ቢሆን ኖሮ ሦስት ወር፣ ስድስት ወር ብዬ እገላገል ነበር፤ ብዙ ሐኪሞችም በዚያ መሐል ያደርጉታል። ግን በነዚያ ወራት ሰውነት የሚሠራው ሥራ አለ። አጥንት ሲቆረጥ የፈሰሰውን ደም መቅኒ እስኪተካ ሳምንታት ይፈልጋል። እግር ውስጥ ደም የመርጋት አደጋውም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይበረታል፤ የረጋው ተነቅሎ ሳንባ ከደረሰ ነፍስ ያጠፋል። ቁስልም ላዩ ሲሽር ውስጡ ገና ነው። ሁለቱንም በአንድ ቀን የሚያሠሩ አሉ፤ ልቡና ሳንባው ጤነኛ ለሆነ ሰው ይሆናል፣ በአንድ ማደንዘዣ ይገላገላል። ግን የሚፈሰው ደም ብዙ ነው፣ የሚደገፉበትም ደህና እግር አይተርፍም። ላንተ ያ መንገድ አልፏል።

እኔ የምልህ ቀጠሮውን የዳነችው እግር ትቁረጠው ነው። ግራው በተሠራ ማግሥት ተነሥና ቁም ይሉሃል፤ ያን ጊዜ የምትሸከምህ ቀኟ ናት። እሷ ሳትጠና ግራውን ማስቆረጥ ሁለት ሕመምተኛ አንድ አልጋ ላይ ማስተኛት ነው። እንግዲህ ፈትናት። ደረጃ ስትወጣ ቀድማ ትውጣ፤ ሰውነትህን ካላነሣች አልደረሰችም። ቀጥሎ የበሩን መቃን በጣትህ ያዝ አድርገህ በቀኟ ብቻ ቁም፣ ባለቤትህም ከኋላህ ቆማ ቀበቶህን ትይልህ። ግራውን እግር ስታነሣ ቀበቶህ በግራ በኩል ዝቅ ካለ የቀኝ ዳሌህ ጡንቻ ገና ነው። ይህን ያሳየኝ እንቅስቃሴ የሚያለማምደኝ ባለሙያ ነበር፤ ቀበቶዬ ቀጥ እስኪል በየቀኑ ጠዋትና ማታ ለፍቻለሁ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ግን አንድ ነገር ስማኝ። ግራው ራሱ ሕመሙ በርትቶ ቀኟን እንዳታለማምድ ከያዘህ፣ ወይም እንቅልፍ ከነሣህ፣ ያን ጊዜ መጠበቁ ቀኟን አያጠነክራትም፤ ያኮላሻታል። እንዲህ ሲሆን ለሐኪሙ ደውለህ ቀኑን አስጠጋ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ እኔ አምስት ዓመት የደበቅሁት ከሐኪም ብቻ አልነበረም፣ ከልጆቼም ጭምር ነው።

ቀኟ ረዘመችብኝ፣ ተሳስተው ነው እንዴ ብለህ ነበር። አብሽር። የግራው አጥንት ራስ ስለተበላ እግሩ አጥሯል፣ ቀኟ ግን ወደ ቁመቷ ተመልሳለች። ሐኪሙ ይሁን ካለህ እስከዚያው ለግራው ጫማ ሶል አስጨምር፤ ግራው ሲሠራ ቁመቱ ይስተካከላል። ወጌሻ ግን ቀኟ አጠገብ እንዳይደርስ! ለወለምታ ሞያቸውን አከብራለሁ፤ ይህ ግን ብረትና ፕላስቲክ ነው። ጆን ቻርንሊ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም በ1962 እ.ኤ.አ. መልክ ያስያዘው ሥራ ነው፤ ታሽቶና ተስቦ የሚቃና ነገር የለውም።

ወደ ቀኑ ልመለስ። ሐምሌን አልወደድሁልህም። ትምህርት ቤቱ መዘጋቱ እውነት ነው፤ ግን በሐምሌ የተሠራ ሰው ነሐሴን ሙሉ በክራንች ነው። የአምባሰልን ጭቃ ታውቀዋለህ። ሌሊት ወደ ውጭ ሽንት ቤት ስትሄድ አንድ ጊዜ ብትንሸራተት የሁለቱም ድካም ይጠፋል። አዲስ አበባ ተሠርተህ ስትመለስ መንገዱም አለ፤ ደሴ ከአዲስ አበባ 401 ኪሎ ሜትር ነው፣ ሐይቅ ደግሞ ከደሴ 30 ያህል ይጨምራል፣ ውጫሌ ከዚያም ወዲያ ነው፤ በዝናብ ያን መንገድ ተቀምጦ መምጣት ለደም መርጋትም ጥሩ አይደለም። መቼም ተጓዝ መቼ፣ መኪናውን እያስቆምህ ውረድና ተራመድ።

እኔ ብሆን ጥቅምትን እመርጣለሁ። ዝናቡ ይቆማል፣ መሬቱ ይደርቃል፣ ቀኟም ዘጠኝ ወር ይሆናታል። ግራው እስከዚያ አላስችል ካለህ ደግሞ፣ ቀኟ ፈተናውን ካለፈች፣ ግንቦት ሳይጋመስ አሠራ፤ ክረምቱ ሳይበረታ ክራንቹን ትጥላለህ። የትምህርት ቤቱን ፈቃድ ርእሰ መምህሩን አነጋግሬ እጨርሳለሁ፤ አባቱን አውቃቸዋለሁ።

እስከዚያ ጥርስህን ታከም፤ የተበላ ጥርስና የተሰነጠቀ ተረከዝ ጀርም ወደ አዲሱ መገጣጠሚያ የሚገባባቸው በሮች ናቸው። ከመድኃኒት ቤት እየገዛህ የምትውጠውን ዳይክሎፌናክ ለሐኪሙ ሳትነግር አትውሰድ፤ ጨጓራን ያደማል፣ የደምህንም መጠን ያወርዳል። አሁን ፍስክ ነው፣ ሥጋውንም እንቁላሉንም የሐይቃችንን ዓሣም ብላ። የፍልሰታ ጾም ሲደርስ የንስሐ አባትህን አማክር። እኔም ታምሜ ያፈጠርሁትን የረመዳን ጾም በሌላ ጊዜ ከፍያለሁ፤ ሶላቴንም ዛሬ ድረስ ወንበር ላይ ሆኜ እሰግዳለሁ፤ ዲኔ ይፈቅድልኛል።

ስለ ግሸን፣ በእምነትህ አልገባም። አባትህ ግን በየዓመቱ ሲወጣ ስንቁን የምታዘጋጅለት እናቴ ነበረች፤ ስለዚህ ስለ አምባው ልናገር እችላለሁ። ግማደ መስቀሉ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን አርፎበት ከዚያ ጀምሮ እዚያው አለ ብላችሁ ታምናላችሁ፤ አንድ ዓመት ብትዘገይ የትም አይሄድም። ዘንድሮ ባለቤትህ ስለትህን ታድርስልህ፤ ቄሱን ጠይቃቸው፣ እምቢ የሚሉ አይመስለኝም። ያን አቀበት ሁለቱም እግሮችህ ከጠኑ በኋላ፣ በሚመጣው ዓመት ትወጣዋለህ።

የፊታችን ቅዳሜ ደሴ ሆስፒታል ሄደህ የደምህን መጠን አስለካ፤ ስትመለስ ወረቀቱን ይዘህ እኔ ዘንድ እደር። ከፍ ያለውን ወንበር ከወዲሁ አውጥቼ አስቀምጬልሃለሁ።