የተቀባ ዝገት

ጎባ ውስጥ ጀልባ መሥራት ምን ይባላል ብላችሁ ብትስቁ አልፈርድባችሁም። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት። ከእኛ በላይ ሳነቴ አለ፤ ከዚያም በላይ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ላይ ቆሞ ደመናውን ይቀበላል። ሳነቴ ላይ ትንንሽ ኩሬዎች አሉ፤ ነገር ግን መረብ የሚጥልባቸው ሰው አይቼ አላውቅም። ሆኖም ባለፈው ክረምት የሕፃናት አገልግሎት ለማስተማሪያ የሚሆን የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ሞዴል እንድንሠራ የወጣቶች ኅብረትን ጠየቀ፤ ሥራው ለሦስታችን ደረሰን። ትምህርቱ ከሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ነው፤ ስምዖንና ባልንጀሮቹ ሌሊቱን ሁሉ ደክመው ባዶ እጃቸውን ያደሩበት ታሪክ።

መጠኑን የወሰድነው ከእውነተኛ ጀልባ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1986 በድርቅ ምክንያት የገሊላ ባሕር ውሃ ሲሸሽ፣ ሁለት ዓሣ አጥማጅ ወንድማማቾች ጭቃ ውስጥ የተቀበረ አሮጌ ጀልባ አገኙ። 8.2 ሜትር ይረዝማል፤ 2.3 ሜትር ይሰፋል፤ ዕድሜውም ሲመረመር ጌታችን በምድር ወደ ተመላለሰበት ዘመን ግድም ሆነ። እኛ ሃያ ጊዜ አሳነስነውና 41 ሴንቲ ሜትር በ11.5 ወጣልን። የኮምፔርሳቶ ቁራጭ፣ ኮላ፣ ብርጭቆ ወረቀት፤ ሌላ ብዙ ነገር አላስፈለገንም። ቀለሙን ግን ከገሊላ አላመጣነውም። ከሦስታችን ጀልባ በዓይኑ ያየሁት እኔ ብቻ ነበርሁ፤ እሱም ሐዋሳ አሞራ ገደል፣ አባ ኮዳዎቹ የዓሣ ፍርፋሪ ሲጠብቁ ከሚውሉበት ዳርቻ ነው። እዚያ ያሉት ጀልባዎች ደማቅ ቀለም ስለ ተቀቡ የእኛንም ሰማያዊ ቀባነው፤ በጠርዙ ቀይ መስመር አሰመርንበት።

ሲደርቅ አብረቀረቀ። ደስ ብሎን እንጨቱን ወደ ሰጠን አናጢ ይዘነው ሄድን። ጋሼ አገላብጠው አዩትና፣ «ይሄ ጀልባ ዓሣ አጥምዶ አያውቅም» አሉን። ዝም ስንል ቀጠሉ፤ «ሌሊቱን ሁሉ ደክመው ምንም አልያዙም ብላችሁ ልታስተምሩ አይደል? እዚህ ውስጥ ማን ደክሞ ያውቃል? ይሄ የሠርግ መኪና ነው።»

እውነታቸውን ነበር። ስለዚህ ጀልባውን ማስረጀት ጀመርን።

ማስረጀት ማለት እላዩ ላይ ቆሻሻ መድፋት መስሎን ነበር፤ የመጀመሪያውን ቀን ጥላሸት በውሃ በጥብጠን ደፋንበትና ከእሳት የተረፈ አስመሰልነው። ጋሼ አሁንም ሳቁ። «ሂዱና የጎባን ቤቶች እዩ» አሉን። ሄድን። ከገበያው በታች ያሉትን አሮጌ ቆርቆሮ ጣሪያዎች፣ የእንጨት አጥሮች፣ የጋሪ ሳንቃዎች ስናይ ዋልን፤ በሰፈራችን እያንዳንዱ እድፍ ምክንያት እንዳለው ያን ቀን አወቅሁ። ዝገት ከሚስማሩ ራስ ጀምሮ ወደ ታች ይፈስሳል፤ ወደ ላይ የሚወጣ ዝገት የለም። ፀሐይ የሚያገኘው ሳንቃ ይገረጣል፤ ከታዛ ሥር ያለው ቀለሙን ይዞ ይቆያል። የበር ቀለም የሚላጠው እጅ በሚነካው ቦታ ነው። እንግዲህ በጀልባ ላይስ? መረብ የሚጎተትበት ጠርዝ ይፈገፈጋል፤ ገመድ የሚታሰርበት ይሰረጉዳል፤ የውሃው ልክ በጎኑ ላይ መስመር ይተዋል፤ ሰው የሚቆምበት ወለል ይጠቁራል።

አሠራሩን ለሚፈልግ ልንገራችሁ፤ ለልጆች ፕሮግራም ይጠቅማል። የዛገ ሚስማር አቼቶ ውስጥ ለጥቂት ቀናት አቆየን። ያልተቀባውን የውስጥ እንጨት መጀመሪያ ወፍራም ሻይ አጠጣነው፤ ሲደርቅ አቼቶውን ቀባነው። እንጨቱ ዓይናችን እያየ እንደ አሮጌ አጥር ግራጫ ሆነ። ውጪውን በብርጭቆ ወረቀት ፍቀን ቡናማ አደረግነው፤ እርጥብ አድርገን በጠርዙ ላይ ድፍድፍ ጨው በተንንበት፤ ጨው ሲይዝ ሰማያዊውን የፕላስቲክ ቀለም በስፖንጅ ጠቅ ጠቅ አደረግንበት። ከደረቀ በኋላ በእርጥብ ጨርቅ ስንፈገፍገው ጨው የነበረበት ቦታ ተላጠና ሥሩ ወጣ። ትክክለኛ ልጣጭ! ከባዱ ነገር መጠኑ ነው። ሃያ ጊዜ ባነሰ ጀልባ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ጭረት በእውነተኛው ላይ ሁለት ሴንቲ ሜትር ነው። ብሩሽ አንዴ ከእጅህ ካመለጠ ጀልባህን በመጥረቢያ የተመታ ታደርገዋለህ። ትንሽ ማድረግ ብዙ ከማድረግ ይልቅ እጅ ያደክማል።

አብራን ትሠራ የነበረችው እህት ብሩሽዋን አስቀምጣ ጥያቄውን ያመጣችው በዚህ መሐል ነው። «ይሄ የገባዖን ሰዎች ሥራ አይደለም ወይ?» አለች።

ኢያሱ 9ን ታስታውሳላችሁ። የገባዖን ሰዎች ያረጀ ስልቻ በአህዮቻቸው ጫኑ፤ የተጠጋገነ ጫማ አደረጉ፤ የሻገተ እንጀራ ያዙ፤ ከሩቅ አገር መጣን አሉ። መንገዱ ግን ሩቅ አልነበረም፤ ጎረቤቶች መሆናቸው በሦስት ቀን ታወቀ። ጋሼ ቢያዩአቸው ሙያቸውን ባደነቁላቸው ነበር፤ እያንዳንዱ እድፍ ምክንያት ነበረውና። ረጅም መንገድ ጫማ ይጨርሳል፤ ቀናት እንጀራ ያሻግታሉ። የእስራኤል አለቆች ስንቁን አይተው አመኑ፤ እግዚአብሔርን ግን አልጠየቁም። እኛስ ያልኖረውን ዕድሜ በሻይና በአቼቶ ከመሥራት በቀር ምን አደረግን?

በመጀመሪያ የመጣልኝ መልስ፣ እነርሱ በአፋቸው ዋሹ፣ እኛ ግን ምንም አላልንም የሚል ነበር። አላረካኝም። የገባዖን ሰዎች አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ያንን ጫማ አድርገው ዝም ብለው ቢገቡስ ንጹሐን ይሆኑ ነበር? አይሆኑም። ጫማው ይናገራል። በዝምታ የሚዋሽ ሰው በንግግር ከሚዋሸው የሚለየው ሲያዙት «እኔ መቼ አልሁ?» ለማለት መቻሉ ብቻ ነው።

ሁለተኛው መልሴ፣ ልጆቹ ሞዴል መሆኑን ያውቃሉ፤ 41 ሴንቲ ሜትር ጀልባ ላይ ጴጥሮስ ተሳፍሮ ነበር ብሎ የሚያምን የለም የሚል ነው። ይህ ይሻላል፤ ግን ነቢዩ ናታን አስቸገረኝ። ናታን ለዳዊት የአንዲትን በግ ታሪክ ሲነግረው (2ኛ ሳሙኤል 12) ዳዊት የተፈጠረ ምሳሌ መሆኑን አላወቀም፤ እውነት መስሎት ተቆጣ፤ ፍርድም ሰጠ። እንግዲህ ናታንም አታለለ ልንል ነው? አይመስለኝም። ናታን ታሪኩን የሠራው ራሱ ሊገልጠው ነው፤ ሰውዬው አንተ ነህ እስከሚልበት ደቂቃ ድረስ ብቻ ነው የሸፈነው። የገባዖን ሰዎች ግን ሽፋኑ በተገለጠ ቀን ሥራቸው ሁሉ ይፈርሳል። ስለዚህ ለእህታችን ያቀረብሁላት ፈተና ይህ ሆነ፤ እንዴት እንደ ሠራነው ለልጆቹ በሙሉ እንንገራቸውና ምን እንደሚሆን እንይ።

ነገርናቸው። አንዲት ትንሽ ልጅ የተላጠውን ጠርዝ እየነካች «መረቡ ነው የቧጨረው?» ብላ ጠየቀች። «ጨው ነው» አልናት። ጨውና ስፖንጅ ካላመጣችሁልን ብለው ክፍሉን አናወጡት፤ ጀልባውንም ከቀድሞው የበለጠ ወደዱት። ትምህርቱ ምንም አልጎደለበትም።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር። ያን ቀን ማታ ግን ፈተናው ወደ ራሴ ዞረ።

እኔ ያደግሁት በአማኝ ቤተሰብ ነው። ጌታን የተቀበልሁት በልጅነቴ፣ እናቴ አጠገብ ተንበርክኬ ነው። እንደዚህ ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ፤ ምስክርነት በሚባል ጊዜ እጃችን ባዶ ይመስለናል። አንዱ ከሱስ ወጣሁ ይላል፤ ሌላዋ ከሞት አፋፍ ተመለስሁ ትላለች፤ ጉባኤው በእልልታ ይሞላል። እኔ ምን ልበል? ከሁለት ዓመት በፊት ሮቤ በተደረገ የወጣቶች ጉባኤ ላይ ድንገት መስክር ተባልሁ፤ ቆምሁ፤ አፌ ቀደመኝ። ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ በፈተና ሰሞን ከጓደኞቼ ጋር ሁለት ጊዜ ጫት ቅሜአለሁ። ያን ጊዜ ግን ሦስት ዓመት በሱስ እንደ ታሰርሁ፣ የእናቴን ገንዘብ እንደ ሰረቅሁ፣ ሌሊት ጎዳና ላይ እንዳደርሁ ተናገርሁ። እያንዳንዱ እድፍ ምክንያት ነበረው። ሱሰኛ ገንዘብ ያጣል፤ ገንዘብ ያጣ ይሰርቃል፤ የሰረቀ ከቤት ይወጣል። ሃሌ ሉያ ተባለ፤ ያለቀሱም ነበሩ። አንድ ሚሊ ሜትሯን ጭረት ሁለት ሴንቲ ሜትር አደረግኋት ብል እንኳ ራሴን ማሳነስ ነው፤ ስርቆቱ ጭራሽ አልነበረም።

ለእግዚአብሔር ክብር ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ኃጢአቱ በከፋ ቁጥር ጸጋው ይበልጣል አይደል? ይህ ክርክር ዛሬም በአንዳንድ ወጣቶች አፍ እሰማዋለሁና ልቆይበት። ጌታ ያላደረገውን አደረገ ብሎ ማመስገን፣ ያደረገውን እንደ ትንሽ ነገር መናቅ ነው። ያደረገልኝ ነገር ነበራ! በየዕለቱ ጠግኖኛል። የእናቴን ጸሎት፣ በእሑድ ጠዋት ብርድ በእግር መሄዱን፣ ከወንድሜ ጋር ተኮራርፈን በሳምንቱ መታረቃችንን እንደ ምስክርነት አልቆጠርሁትም። ያ የገሊላው ጀልባ ትዝ አለኝ። ከአሥር በላይ በሆኑ የእንጨት ዓይነቶች የተሠራና የተጠጋገነ ነው፤ አንዱ ሲበሰብስ የተገኘው እንጨት ተተክቶበታል፤ ባለቤቶቹ እስከ መጨረሻው አልጣሉትም። ማንም ሆን ብሎ አላስረጀውም። የጌታ ጀልባ ነው የሚሉት ሰዎችም አሉ፤ ግን ማን ተሳፍሮበት እንደ ነበር የሚያሳይ ምንም ማስረጃ አልተገኘም። የማይታወቅ ዓሣ አጥማጅ ዕቃ መሆኑ ለእኔ አይበቃኝም ነበር ማለት ነው።

ከጉባኤው በኋላ አንድ አሥራ ስድስት ዓመት የማይሞላው ልጅ መጥቶ አቅፎኝ ነበር። «አንተ ታድለሃል፤ እኔ ምስክርነት የለኝም» አለኝ። ጸለይሁለት። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ጸለይሁለት። ከዓመት በኋላ ከኅብረታችን ቀረ፤ ከሚቅሙ ልጆች ጋር መዋሉን ሰማን። መንገድ ላይ አግኝቼ ምነው ስለው ሳቀና፣ «ምስክርነቴን እያዘጋጀሁ ነው» አለኝ። ያን ቀን ቀልድ መስሎኝ አለፍሁት። ጀልባውን ለልጆቹ ባሳየን ዕለት ማታ ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

ለመሪዎቻችን ተናገርሁ፤ በሚቀጥለው የወጣቶች ፕሮግራም ላይ ቆሜ አስተካከልሁ። ስለ ራሴ ድፍረት አይደለም የምነግራችሁ፤ ድምፄ አልወጣም ነበር፤ ግማሹን ያነበብሁት ከወረቀት ነው። እልልታ አልነበረም። ከሁሉ የከበደኝ ገንዘቧን ያልሰረቅኋት እናቴ ከኋላ ወንበር ላይ መቀመጧ ነበር፤ ሌባ ልጅ እንዳሳደገች ሲወራ ሁለት ዓመት ዝም ብላ ችላለች። ለምን አልተናገርሽም ስላት፣ «አንተ እስክትናገር ነዋ» አለችኝ።

ወደ ልጁም ቤት ሄድሁ። በሩ ላይ ቆሞ ሰማኝ። እንድገባም አልጋበዘኝም። ጨርሼ ዝም ስል፣ «ታዲያ አሁን የትኛውን ልመን? ያኔም እንዲህ ነበር ያለቀስኸው» አለኝ። የምመልስለት አልነበረኝም። በሳምንቱ እንደገና ሄድሁ፤ አልነበረም። አሁንም ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ ስመለስ በዚያ በኩል ነው የማልፈው፤ አንዳንድ ጊዜ ቆመን ስለ ኳስ እናወራለን።

ጀልባው በሕፃናቱ ክፍል መደርደሪያ ላይ ነው። ከክረምት ወዲህ ሁለት ጊዜ ወድቋል፤ ቀዘፋው ተሰብሮ በክር ታስሯል፤ ጠርዙን የልጆቹ ጣት አሳምሮ ልጦታል። ባለፈው እሑድ ጋሼ መጥተው አነሡትና የትኛው ልጣጭ የእኛ፣ የትኛው የልጆቹ እንደ ሆነ ጠየቁኝ። አንዱን አሳየኋቸው፤ ሌላውን መለየት አልቻልሁም።