ጎማው ሲፈነዳ ተጠያቂው ማን ነው?



እስቲ ለአንድ አፍታ ይህን አስቡ። ጂንካ ከተማ የሚኖር አንድ ቤተሰብ ለዓመታት ባጠራቀመው ጥሪትና ከዘመድ በተበደረው ገንዘብ መኪና ገዛ እንበል። የገዛውም ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በሚገኘው በአዲስ አበባ፣ ዋስትና ሰጥቶ ከሚሸጥ ድርጅት ነው። ዓመት ሳይሞላ አንድ ጎማ ፈነዳ፤ ተቀየረ። ብዙም ሳይቆይ የሌላው ጎማ ጎኑ አብጦ ተገኘ፤ እርሱም ተቀየረ። ሦስተኛው ደግሞ ጥርሱ ገና ሳያልቅ ከላይ ያለው ላስቲክ ተላቆ መኪናው መንገድ ላይ ቆመ። አባወራው ስልክ በደወለ ቁጥር የሚሰጠው መልስ ይለያያል። አንዱ «መንገዳችሁ ነው» ይለዋል። ሌላው «ንፋስ በልኩ አይሞሉም፣ ጭነትም ያበዛሉ» ይለዋል። ሦስተኛው «እኛ መኪና እንሸጣለን እንጂ ጎማ አንሠራም» ይለዋል። አራተኛው «መኪናውን ይዘውት ይምጡና እናየዋለን» ይለዋል። በማይታመን ጎማ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ሊያሳይ!

መኪና ያላችሁ ብቻ ሳትሆኑ ማቀዝቀዣ፣ የውኃ ፓምፕ ወይም የልብስ ስፌት መኪና ገዝታችሁ የምታውቁ ሁሉ ይህ አነጋገር ለጆሯችሁ እንግዳ አይደለም። ጥያቄው ላይ ላዩን ሲታይ የመካኒክና የጎሚስታ ጥያቄ ይመስላል። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ ወደ ውስጥ ስንመለከተው ግን የአማና ጥያቄ ነው። አንድ ጉዳት ብዙ ምክንያት ሲኖረው ተጠያቂው ማን ነው?

ፍርድ ከመስጠታችን በፊት ለእያንዳንዱ ወገን የሚገባውን እንስጥ። መንገዱን የከሰሰው ሰው ሙሉ በሙሉ አልዋሸም። ከኮንሶ ከፍታ ወደ ወይጦ ቆላ የሚወርድ መኪና በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከነፋሻ አየር ወደ ከባድ ሙቀት ይገባል። በደቡብ ኦሞ ወደ ገጠር ቀበሌዎች በሚያስገቡት መንገዶች ደግሞ ስለታም ድንጋይ፣ የደረቀ ወንዝ አሸዋና የግራር እሾህ አለ። ስለ ንፋስና ስለ ጭነት የተናገረውም አልዋሸም። ጎማ ላስቲክ ብቻ አይደለም፤ በውስጡ የክርና የብረት ሽቦ ንብርብር አለው። ንፋሱ ሲያንስ ወይም ጭነቱ ሲበዛ የጎማው ጎን በእያንዳንዱ ዙር ከልክ በላይ ይታጠፋል። መታጠፉ ሙቀትን ይወልዳል፤ ሙቀቱም ላስቲኩን ከሽቦው ያላቅቃል። ስለዚህ ሲፈነዳ የምናየው የመጨረሻዋን ደቂቃ ነው እንጂ ጉዳቱ ከሳምንታት በፊት የጀመረ ሊሆን ይችላል። የፊት እግሩ አቅጣጫ የተዛባ መኪናም ጎማውን ባንድ ጎኑ በልቶ ይጨርሰዋል። ጎማ ሠሪው ያጠፋው፣ ሻጩ ያጠፋው፣ መንገዱ ያጠፋውና ባለቤቱ ያጠፋው በአንድ የተቦጨቀ ላስቲክ ውስጥ ተደባልቀው ይገኛሉ።

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ምክንያቱ ብዙ ከሆነ ተጠያቂ የለም ብለን እንደመድማለን። ሁሉም ጥቂት ጥቂት እውነት ስላለው፣ ሁሉም ያቺን ጥቂት እውነት እንደ ጋሻ ይዞ ከኃላፊነት ይሸሻል። በመጨረሻም ሸክሙ የሚወድቀው ስለ ጎማው ምንም በማያውቀውና ከኋላ ወንበር በተቀመጠው ተሳፋሪ ላይ ነው።

ሃይማኖታችን ለዚህ ጥያቄ ቀድሞ መንገድ አሳይቶናል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በመዲና ገበያ ሲያልፉ አንድ የእህል ክምር አዩ። እጃቸውን ወደ ውስጥ ቢከቱ ጣቶቻቸው እርጥበት አገኙ። ምን እንደሆነ ቢጠይቁት ባለ እህሉ ዝናብ መትቶት ነው አለ። እርሳቸውም ሰዎች እንዲያዩት የረጠበውን ከላይ ለምን እንዳላደረገው ጠየቁት፤ አታላይንም ከራሳቸው ወገን እንደማይቆጥሩት ነገሩት።

ውድ አንባቢያን፣ የዚህን ሰው ምክንያት ልብ በሉ። ዝናቡን እርሱ አላዘነበውም። ምክንያቱም ውሸት ነው አልተባለም። ሆኖም ምክንያቱ አላዳነውም። እህሉን ያረጠበው ዝናቡ ቢሆንም፣ የረጠበውን ከሥር አድርጎ ደረቁን ከላይ ያሳየው እርሱ ነውና። እንግዲህ ስለ ጎማውም መጀመሪያ ልንጠይቅ የሚገባን «ጉድለቱን ማን አመጣው?» ብለን ሳይሆን «ጉድለቱን ማን ያውቅ ነበር? ዐውቆስ ለማን ተናገረ?» ብለን ነው። ኃላፊነት ዕውቀትን ይከተላል። የመጀመሪያው ጥያቄ ዓመታት ሊያከራክር ይችላል። ሁለተኛውን ግን እያንዳንዱ ሰው በልቡ ወዲያውኑ ይመልሰዋል።

ይህ በአንድ የእህል ክምር ዙሪያ የተነገረ ቁም ነገር ለዓለም ታላላቅ ኩባንያዎችም የሚሠራ መሆኑን በዘመናችን አይተናል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነሐሴ 2000 ፋየርስቶን የተባለው ጎማ ሠሪ 6.5 ሚሊዮን ያህል ጎማዎችን ከገበያና ከመንገድ እንደሚሰበስብ አስታወቀ። አብዛኞቹ ፎርድ ኤክስፕሎረር በሚባለው መኪና ላይ የተገጠሙ ነበሩ። የጎማው ውጫዊ ላስቲክ በፍጥነትና በሙቀት ላይ ሳለ ይላቀቅ ነበር፤ መኪናውም ይገለበጥ ነበር። የአሜሪካ መንግሥት የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በዚህ ሰበብ የሞቱትን ከ270 በላይ አድርሷቸዋል።

ሁለቱ ኩባንያዎች ምን አሉ? ጎማ ሠሪው፣ ፎርድ ለደንበኞቹ የመከረው የንፋስ መጠን አነስተኛ ነው፤ በመለኪያው 26 ሳይሆን 30 መሞላት ነበረበት አለ። ስለ መኪናው አሠራርም ጥያቄ አነሣ። መኪና ሠሪው ደግሞ ጥፋቱ የጎማው ነው አለ። አሽከርካሪዎች ንፋስ አይለኩም የሚለውም ክርክር አልቀረም። ወደ መቶ ዓመት የተጠጋው የንግድ ወዳጅነታቸው በግንቦት 2001 ፈረሰ። ይህ የጂንካው አባወራ በስልክ የሰማው መልስ አይደለምን? ቋንቋውና የገንዘቡ ብዛት ተለየ እንጂ ነገሩ ያው ነው።

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ልብ የሚነካው ግን ሌላ ነው። ፎርድ በሳዑዲ ዐረቢያና በአካባቢው የባሕረ ሰላጤ አገሮች የእነዚህን ጎማዎች ችግር አይቶ መቀየር የጀመረው በ1999፣ ማለትም ጎማዎቹ በአሜሪካ እንዲሰበሰቡ ከመታወጁ አንድ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ነበር። ባንድ አገር የታወቀው ነገር ለሌላው አገር ሕዝብ በጊዜው አልተነገረም። የአሜሪካ ምክር ቤት በዚያው በ2000 ባወጣው ሕግ አንድ አምራች በውጭ አገር ለደኅንነት ሲል ዕቃ ሲሰበስብ ለመንግሥት እንዲያሳውቅ ያስገደደው ለዚህ ነው። የእነዚያ ሁሉ መሐንዲሶችና ጠበቆች ክርክር የተደመደመው «የምታውቀውን ተናገር» በሚል ትእዛዝ ነው።

የአገራችንም ሕግ ከዚህ የራቀ አይደለም። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ እንዲሆን ያዛል። ገዢም ዕቃውን እንዲመረምርና ጉድለት ሲያገኝ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያሳውቅ ያዛል። ከዋስትና ነጻ የሚያደርግ ቃል በውሉ ውስጥ ቢጻፍ እንኳ፣ ሻጩ ጉድለቱን በተንኮል ከደበቀ ያ ቃል አይጠቅመውም። ስንቶቻችን በየሱቁ ደረሰኝ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለውን አንብበን አንገታችንን ደፍተን ወጥተናል! ያ ጽሑፍ ዐውቆ ለደበቀ ሰው በሰው ፊት እንኳ መሸሸጊያ አይሆንም፤ በአላህ ፊትማ እንዴት ይሆናል?

አንዳንድ ሰው እዚህ ላይ እንዲህ ብሎ ሊሞግት ይችላል፦ «ኃላፊነት ዕውቀትን የሚከተል ከሆነ አለማወቅ ይሻለኛል። ዕቃው እንደታሸገ መጣ፣ እንደታሸገ ሸጥኩት፤ ምን ዐውቃለሁ?» ይህ ብልጠት እንጂ መልስ አይደለም። ማወቅ የሥራው ድርሻ የሆነ ሰው ላለማወቅ ዐይኑን ቢጨፍን፣ የጨፈነው ዐይን ራሱ ይመሰክርበታል። ሦስት ደንበኞች በተለያየ ጊዜ ስለ አንድ ዓይነት ጎማ አቤት ያሉት ድርጅት ለአራተኛው «እንዲህ ያለ ነገር ሰምተን አናውቅም» ቢል ዕውቀት አጥቶ አይደለም። ቅሬታ የማይመዘግብ መሥሪያ ቤት የሚያተርፈው ይህንኑ «አልሰማሁም» የማለት ዕድል ነው።

አንድ ቀላል ምሳሌ እንጨምር። በጎማው ጎን ላይ ከተጻፉት ቁጥሮች መካከል የመጨረሻዎቹ አራቱ ጎማው የተሠራበትን ጊዜ ይናገራሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ ቀጣዮቹ ሁለቱ ዓመቱን ያመለክታሉ። «2315» የሚል ካለ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። በእኛ አቆጣጠር 2007 መሆኑ ነው። ይህን የማያውቅ ገዢ ግን «15»ን አይቶ በእኛው በ2015 የተሠራ ሊመስለው ይችላል፤ ስምንት ዓመት ተሳሳተ ማለት ነው! ጎማ ደግሞ ሳይነዳም ያረጃል፤ ላስቲኩ በጊዜና በሙቀት ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ሻጩ የገዢውን ስሕተት እያየ ዝም ቢል ምንም ውሸት አልተናገረም። የእህሉ ባለቤትም ገዢ በደረቁ እንዲታለል አደረገ እንጂ በአንደበቱ የዋሸው የለም።

እስካሁን ለባለ መኪናው የተሟገትን መስሎን ልንደሰት እንችላለን። ይሁን እንጂ ሚዛኑ ባንድ በኩል ብቻ አይመዝንም። ያ ከሻጩ በደል የደረሰበት አባወራ ሐሙስ ቀን ለቀይ አፈር ገበያ ሰው ጭኖ ሊወጣ ነው እንበል። የግራው የኋላ ጎማ ማበጡን ትናንት ጎሚስታው አሳይቶታል። ቅያሪ ጎማው ከዚህ ቀደም በገጠመው ፍንዳታ ተበልቷል። አዲስ ለመግዛት ገንዘብ የለውም። «ጥፋቱ የሻጩ ነው» ብሎ ቢነሣ፣ ለተሳፋሪዎቹ እርሱ ራሱ ያ ሻጭ አይሆንምን? የተበደለ መሆኑ እውነት ነው። መበደሉ ግን የሚያውቀውን አደጋ ለማያውቅ ሰው እንዲያስተላልፍ አይፈቅድለትም። ያብጣል ያሉትን ጎማ አጥቦና አጥቁሮ፣ መኪናውን «ምንም የለበትም» ብሎ ለሌላ ቢሸጥም እንደዚሁ ነው። በደል ሲደርስብን የበደሉ ተካፋይ ለመሆን ፈቃድ ያገኘን የሚመስለን ብዙዎች ነን።

ስለ ኢማም አቡ ሐኒፋ የሚተረክ ታሪክ አለ። በኩፋ የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። ነውር ያለበትን ጨርቅ ለሸሪካቸው ሲልኩ ነውሩን ለገዢው እንዲናገር አሳሰቡት። እርሱ ግን ረስቶ ሳይናገር ሸጠው፤ ገዢው ማን እንደሆነም አላወቀም። ኢማሙ «እኔ ተናግሬ ነበር፤ የረሳው እርሱ ነው» ብለው እጃቸውን መታጠብ ይችሉ ነበር። የዕቃውን ዋጋ በሙሉ ሶደቃ አደረጉት ይባላል። ሰንሰለቱ ከእርሳቸው ወዲያ ቢበጠስም ትርፉ እጃቸው ላይ መሆኑን አልዘነጉም። ጎማውን ሠርቶም፣ አስመጥቶም፣ ቸርችሮም ያተረፈ ሁሉ «ከእኔ በኋላ ያለው ይመልስ» ሲል ይህችን ታሪክ ቢያስታውስ መልካም ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ነጋዴ ከሆናችሁ የቅሬታ መዝገብ ክፈቱ፤ የአንዱን ደንበኛ አቤቱታ ለሚቀጥለው ደንበኛ ማስጠንቀቂያ አድርጉት። ከሩቅ ወረዳ የሚደውለውንም «ይምጡ» ከማለት በፊት በአቅራቢያው ባለ ጋራዥ የሚታይበትን መንገድ ፈልጉለት። ባለ መኪና ከሆናችሁ ጎማው ሳይሞቅ፣ ጠዋት ከመነሣታችሁ በፊት ንፋስ አስለኩ። የፈነዳውን ጎማ አትጣሉ፤ ቁጥሩን፣ ቀኑንና የሄደበትን ኪሎ ሜትር ጽፋችሁ ያዙ። ለሻጩ ስትናገሩ መንገዱንም፣ ጭነቱንም፣ የእናንተንም ድርሻ ሳትደብቁ ተናገሩ፤ እውነቱን ከሌላው የሚጠይቅ ሰው የራሱን እውነት ከሥር አድርጎ መቅረብ የለበትምና። ተሳፋሪ ለሆነ ሰውም አደጋውን ንገሩት፤ ወይ ይሳፈራል፣ ወይ ይቀራል። ምርጫው ግን የእርሱ ይሆናል።

አላህ (ሱ.ወ) የምናውቀውን ከማይደብቁት፣ አማናን ከሚጠብቁት ባሮቹ ያድርገን። መንገደኞቻችንንም በሰላም ያግባልን። ወላሁ አዕለም።