ሌባው ከመካከላችን ነው?

የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ጸሐፊዎች ደሴት ይወዳሉ። አጋታ ክሪስቲ እ.ኤ.አ. በ1939 ባሳተመችው ታዋቂ መጽሐፍ አሥር ሰዎች በአንዲት ገለልተኛ ደሴት ይሰበሰባሉ። የሚገባ የለም፤ የሚወጣም የለም። እንግዲያው ገዳዩ የግድ ከመካከላቸው ነው። አንባቢው ሁሉንም በየተራ ይጠረጥራል፤ በጥርጣሬው ግን ማንም አይጎዳም። መጨረሻ ላይ እውነቱ ይወጣል።

አባቶቻችን ደግሞ በየብስ ላይ ደሴት ይሠሩ ነበር፤ አውጫጭኝ ይባላል። ወንጀል ተፈጽሞ አድራጊው ሲሰወር የአካባቢው ሰው አንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ድረስም አይበተንም። በግልጽ መናገር የፈራ በሽማግሌዎች በኩል «ወፍ ነገረችን» አሰኝቶ ይጠቁማል። ወፏ እውነት ከተናገረች መልካም፤ በቂም ብትናገርስ?

ይህ የድሮ ነገር ብቻ አይደለም። አምና እዚህ ጀሞ፣ በእኛ የወጣቶች ኅብረት ለጉዞ ያዋጣነው 4,200 ብር ከመዝሙር ልምምድ በኋላ ጠፋ። በሩን ዘጋን፤ ቦርሳዎች ተፈተሹ፤ ምንም አልተገኘም። የሁላችንም ዓይን ግን ከክፍለ ሀገር መጥቶ የቀን ሥራ እየሠራ በቅርቡ ወደተቀላቀለን ወንድም ዞረ። ስሙን የጠራ የለም፤ እኔም አልጠራሁም። ማየታችን በቂ ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ ቀረ፤ ከዚያም አልተመለሰም። ብሩም እስከ ዛሬ አልተገኘም።

«ታዲያ ሌባን እንሸፍን?» የሚል ይኖራል። አይደለም። የተበደለ አለና እውነቱን መፈለግ ይገባል። ነገር ግን መፈለግ ሌላ፣ መፍረድ ሌላ ነው። በሐዋርያት ሥራ 28 የመላጥያ ደሴት ሰዎች እፉኝት የጳውሎስን እጅ ስትይዝ ነፍሰ ገዳይ ነው አሉ፤ ሳይሞት ሲቀር ደግሞ አምላክ ነው አሉ። ክፉዎች አልነበሩም፤ በዝናብና በብርድ እሳት አንድደው የተቀበሉት እነርሱ ናቸው። ስሕተታቸው ሁለት ጊዜ ሳያውቁ መፍረዳቸው ነው። የአገራችን ሕገ መንግሥት እንኳ በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው በፍርድ ሂደት ላይ ሳለ እንደ ጥፋተኛ እንዳይቆጠር ይደነግጋል። ወንድማችን ግን ክስ እንኳ አልቀረበበትም። ክስ ቢሆን መልስ ይሰጥ ነበር፤ ለዓይን ምን መልስ አለው?

አውጫጭኝ ግን አንድ የሚያስተምረን ነገር አለው። ጥፋተኛው ሳይገኝ ሲቀር ኪሳራውን የአካባቢው ሰው በጋራ ይከፍል ነበር። እኛ 21 ነበርን፤ ለእያንዳንዳችን 200 ብር ይደርሰን ነበር። ብንከፍል ኖሮ ሌባው ባይታወቅም ወንድማችን ከእኛ ጋር ይቆይ ነበር። እኛ ግን 200 ብር ላለመክፈል አንድ ሰው ከፈልን።

በዚህ ሳምንት ሦስት ሆነን ልንጠይቀው እንሄዳለን። «አንተ እንዳልሆንህ አረጋግጠናል» ልንለው አንችልም፤ አናውቅምና። «ሳናውቅ ፈርደንብሃል፤ ይቅር በለን» ልንለው ግን እንችላለን።