ማጀትና ችሎት በጀጎል

«ሴት በማጀት፣ ወንድ በችሎት» የሚለው ብሂል ለረጅም ዘመን የቤትና የአደባባይ ድንበር ሆኖ ኖሯል። በሕግም ተደግፎ ነበር። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ አድርጎ ይሾም ነበር፤ ባል አገልጋይ ማቅረብ ካልቻለ ሚስት የቤቱን ሥራ ራሷ እንድትሠራ ያዝ ነበር።

በግንብ በታጠረችው የሐረር አሮጌ ከተማ፣ በጀጎል ውስጥ ግን ተረቱ ገና ከበሩ ይፈተናል። በጠዋት በሸዋ በርና በኤረር በር አትክልት፣ ወተትና ማገዶ ይዘው የሚገቡት በአብዛኛው ከዙሪያው መንደሮች የሚመጡ የኦሮሞ ሴቶች ናቸው፤ ዘርግተው የሚሸጡትም፣ ዋጋ የሚከራከሩትም እነሱ። ከፈረስ መጋላ ወደ ውስጥ በሚያስገባው መኪና ግርግር ደግሞ የስፌት መኪና ደርድረው ልብስ የሚሰፉት ወንዶች ናቸው። መንገዱ ስሙን ያገኘው ከነዚሁ መኪናዎች ድምፅ ነው።

በሐረሪ ቤትም ተረቱ ይፈተናል። ሴቶች ነደባ በሚባለው ከፍ ያለ መደብ ላይ ተቀምጠው በሣር የሚሰፉት ስፌት ግድግዳ ያስጌጣል፣ ለሙሽራ ይሰጣል፣ ለእንግዳ ይሸጣል። ልጅ በአጠገብ፣ ድስት በእሳት ላይ፣ እጅ በስፌት። ይህን ማሞገስ ቀላል ነው፤ ግን ያን ሁሉ የሠራችው ሴት ምን ስትሠራ እንደዋለች ቢጠየቅ መልሱ «ቤት ናት» ነው። ማጀት ሥራ ጠፍቶበት አያውቅም። የጠፋው የሠሪዋ ቃል የሚሰማበት ቦታ ነበር፤ ተረቱም ያጸናው ይህንኑ ነው።

ችሎቱ ተከፍቷል። የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. ባልና ሚስትን በቤተሰቡ አስተዳደር እኩል አደረገ። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ከኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር መሥራቾች አንዷ የሆኑት መዓዛ አሸናፊ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ በዚያ ወንበር የተቀመጡ የመጀመሪያዋ ሴት።

ማጀቱስ?

በዚያው ዓመት የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ይሰጣል። ለአባት 3 ቀን። አባት ገና ሕፃኑን መታቀፍ ሳይለምድ ወደ ሥራው ይመለሳል፤ እናትም ፈቃዷ ሲያልቅ ትመለሳለች፤ የማጀቱ ሥራ ግን እሷኑ ይጠብቃታል። ሐረር ላይ ሌላም አለ፦ አፎቻ የሚባለው የሴቶች መረዳጃ ማኅበር። ለሠርግ ዝግጅት፣ ለለቅሶ ቤት የሚፈለገው ጉልበትና ጊዜ የቢሮ ሰዓትን አያውቅም፤ መቅረትም ያስወቅሳል።

እናም ብዙ ሠራተኛ እናቶች ሸክሙን ለሌላ ሴት ያስተላልፋሉ፦ ለአያት፣ ለእህት፣ ወይም ከገጠር ለመጣች የቤት ሠራተኛ። ባል ሳይነካው ማጀቱ ከሴት ወደ ሴት ይዞራል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያደራጁ አዝዞ ነበር፤ ይህ ለስፌት ሰፊዋም፣ ለመደብር ሻጯም፣ ለግል ድርጅት ጸሐፊዋም መድረስ አለበት። የአባቶች ፈቃድም ከ3 ቀን ወደ ሳምንታት ማደግ ይኖርበታል፤ ያኔ ሕፃን ማጠብና ወጥ መሥራት ባል ሚስቱን «ሲያግዝ» የሚያደርገው ውለታ ሳይሆን የራሱ ሥራ ይሆናል።