ሥራ ፈትና ሥራ አጥ

ጌታችን መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ስለ መንግሥተ ሰማያት በምሳሌ ሲያስተምር፥ ለወይኑ ቦታ ሠራተኞች ሊቀጥር ማልዶ የወጣውን ባለቤት አነሣ (ማቴ. 20፥1-16)። ይህ ሰው በነግህ፥ በሦስት፥ በስድስትና በዘጠኝ ሰዓት ወጣ፤ ቀኑ ሊመሽ ጥቂት ሲቀረው፥ በዐሥራ አንድ ሰዓት፥ ዳግመኛ ወጥቶ የቆሙ ሰዎችን አገኘ። ቀኑን ሙሉ ያለ ሥራ የዋሉበትን ምክንያት ጠየቃቸው፤ እነርሱም ወደ ሥራ የሚጠራቸው ሰው እንዳላገኙ ነገሩት። አበው በትርጓሜያቸው ሰዓቶቹን በዘመናትና በሰው ዕድሜ ይመስሏቸዋል። ይህ ምሥጢር እንደ ተጠበቀ ሆኖ፥ ዛሬ የምንመለከተው የንባቡን ገጽ ነው። ባለቤቱ ሰዎቹን ከመውቀሱ አስቀድሞ ጠየቃቸው፤ መልሳቸውንም በሰማ ጊዜ አልተጠራጠራቸውም፤ ሥራ ሰጣቸው፤ ሲመሽም የሙሉ ቀን ዋጋ ከፈላቸው።

ቋንቋችን ሁለቱን ሰዎች በሁለት ስም ይለያቸዋል። ሥራ እያለለት የማይሠራው ሥራ ፈት ይባላል፤ ሊሠራ እየወደደ ሥራ ያላገኘው ግን ሥራ አጥ ነው። ሥራ ያጣ መነኵሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል የሚለው የአባቶቻችን ተረትም ለመሣቅ ብቻ የተነገረ አይደለም፤ እጅ ሥራ ሲያጣ የገዛ ክብሩን እስከ መቅደድ እንደሚደርስ ያስተምራል።

እኛ ግን ይህን ልዩነት ብዙ ጊዜ ዘንግተናል። በአንድ የበዓል ቀን ከቅዳሴ በኋላ፥ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆሞ እርዳታ የጠየቀንን ወጣት፥ «ልጄ፥ ጕልበት እያለህ ስለ ምን አትሠራም?» ብለን የሐዋርያውን ቃል ጠቀስንበት። እርሱም ዐይኑን ወደ ምድር አድርጎ፥ «አባቴ፥ ትምህርቴን ከፈጸምሁ ሦስት ዓመት ሆነኝ፤ የሥራ ማስታወቂያ የሚለጠፍበትን ሰሌዳ ከቤቴ ደጃፍ ይልቅ አውቀዋለሁ። የሚያሠራኝን ሰው ያሳዩኝና ነገ ማልጄ እሄዳለሁ» አለን። የምናሳየው ሰው አልነበረንም። ቅዱስ ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች ሲጽፍ የገሠጸው ሊሠራ የማይወደውን ነው (2 ተሰ. 3፥10)፤ ተግሣጹ በፈቃድ ላይ እንጂ በዕጦት ላይ አልወደቀም። እኛ ግን ለሰነፍ የተሰጠውን በትር በድኃ ጀርባ ላይ አሳረፍነው። ስለዚህ ይህን ትምህርት የምንጽፈው አስቀድመን ራሳችንን በመውቀስ ነው።

እንግዲህ ሥራ አጡ ለብዙ ሺህና ለብዙ ሚሊዮን ሲደርስ መልስ የሚጠየቀው ማን ነው? አንድ ሰው ሥራ ቢያጣ ዘመዱና ጎረቤቱ ይረዱታል፤ የአገር ሕዝብ ሥራ ሲያጣ ግን መጋቢው መንግሥት ነውና የመጋቢነቱን ሒሳብ ያቀርባል (ሉቃ. 16፥2)። ይህ ሒሳብ እንዴት እንደ ተመለሰ ለማወቅ ከ1929 ጀምሮ በዓለም ላይ የወረደውን የኢኮኖሚ ውድቀት ማስታወስ ይበቃል (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። በዚያ ዘመን መንግሥታት አራት ዓይነት መልስ ሰጡ።

አንደኛው መልስ በር መዝጋት ነው። በሰሜን እንግሊዝ የምትገኘው የጃሮ ከተማ በመርከብ መሥሪያዋ ትኖር ነበር፤ እርሱ ሲዘጋ የከተማይቱ ኑሮ አብሮ ተዘጋ። በጥቅምት 1936 ሁለት መቶ ወንዶች ከ11,000 በላይ ሰዎች የፈረሙበትን አቤቱታ ይዘው እስከ ለንደን ድረስ 450 ኪሎ ሜትር ያህል በእግራቸው ተጓዙ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ስታንሊ ቦልድዊን አልተቀበሏቸውም። ወደ ቤታቸው ሲመለሱም በጉዞ ላይ ሳሉ ለሥራ ዝግጁ አልነበሩም ተብሎ ከድጎማቸው ተቀነሰባቸው። ለካህናት የሚሆነው ትምህርት ደግሞ ይህ ነው፤ ሲነሡ የጃሮ ኤጲስ ቆጶስ ባረካቸው፤ የደርሃም ኤጲስ ቆጶስ ግን ጉዞውን በጋዜጣ ነቀፈ። በአንድ ሀገረ ስብከት ውስጥ አንዱ እጅ ሲባርክ ሌላው እጅ ገፋ።

ሁለተኛው መልስ በወንድም ላይ ማስነሣት ነው። በጀርመን በ1932 መጀመሪያ ስድስት ሚሊዮን ያህል ሰው ሥራ አጥቶ ነበር፤ መንግሥትም ወጪውንና ለሥራ አጡ የሚሰጠውን ድጎማ ይቀንስ ነበር። ሕዝቡ ተስፋ ሲቈርጥ፥ የመከራውን ሁሉ ምክንያት በአይሁድና በሌሎች ላይ የጫነው ሂትለር በጥር 1933 ሥልጣን ያዘ። ብዙዎችን ወደ ሥራ መለሰ፤ ነገር ግን በዚያው ዓመት አይሁዳውያንን ከመንግሥት ሥራ በሕግ አስወጣ፤ ሠራተኛውንም እያደር የጦር መሣሪያ በሚሠራበት ቦታ አሰለፈው። ያ እንጀራ በ1939 ዋጋው ተጠየቀ፤ ዋጋውም የብዙ ሚሊዮን ሰው ደም ሆነ።

ሦስተኛው መልስ የሌላውን ርስት መመኘት ነው። ይህንን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአባቶቻችን አፍ ሰምተነዋል። የፋሺስት ኢጣልያ መንግሥት በ1935፥ በእኛ አቈጣጠር በ1928 ዓ.ም.፥ አገራችንን ሲወር፥ ለሕዝቡ ከገባው ተስፋ አንዱ ሥራና እርሻ ለሌላቸው ኢጣልያውያን መሬት ይገኛል የሚል ነበር። መንገድ የሚሠሩ ብዙ ሺህ የቀን ሠራተኞች ከባሕር ማዶ መጡ። እነርሱም በአገራቸው ድኆች ነበሩ፤ ነገር ግን የአንዱ ድኃ ረኃብ በሌላው ድኃ ደም እንዲታበስ ተደረገ። አክዓብ የናቡቴን የወይን ቦታ የወሰደው በዚሁ መንገድ ነው (1 ነገ. 21)።

አራተኛው መልስ ሥራ መስጠት ነው። በአሜሪካ በ1933 ከአራት ሠራተኞች አንዱ ያህል ሥራ አጥ ነበር። በዚያ ዓመት ሥልጣን የያዙት ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ወጣቶችን ደን እንዲተክሉና መሬት ከመሸርሸር እንዲጠብቁ አሰማሩ፤ እስከ 1942 ድረስ ሦስት ሚሊዮን ያህል ወጣቶች በዚህ ሥራ አለፉ። ደመወዛቸው በወር ሠላሳ ዶላር ሲሆን፥ ከዚያ ውስጥ ሃያ አምስቱ በቀጥታ ለቤተ ሰባቸው ይላክ ነበር። በ1935 በወጣው ሕግም ሥራውን ያጣ ሠራተኛ እስኪያገኝ ድረስ የሚረዳበት መድን ተሠራ። ይህም መልስ ነውር አልታጣበትም። ጥቁሮች ወጣቶች ከነጮቹ ተለይተው በሌላ ሰፈር እንዲያድሩ ተደርገዋል፤ መንግሥት በ1937 ወጪውን ሲቀንስም ሥራ አጥነት እንደገና ጨመረ። ሆኖም ከአራቱ መካከል ወደ ወይኑ ቦታ ባለቤት የቀረበው ይኸው ነው፤ ወጥቶ ጠየቀ፥ አምኖ ሰማ፥ ሥራ ሰጠ።

ቅዱሳት መጻሕፍትም ይህን መንገድ አስቀድመው አሳይተዋል። ዮሴፍ በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት ከእህሉ አምስተኛውን እጅ አከማቸ (ዘፍ. 41)፤ ችግር ከመምጣቱ በፊት መዘጋጀት የገዥ ግዴታ መሆኑን አስተማረ። ነህምያም የድኆችን ጩኸት በሰማ ጊዜ ባለጠጎቹን ፊት ለፊት ወቀሰ፤ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ለገዥ የሚገባውን ምግብ አልወሰደም፤ ብላቴኖቹንም ከሕዝቡ ጋር በቅጥሩ ሥራ አሰለፈ (ነህ. 5)። ሕዝቡ ሲጾም የሚጾም ገዥ መልስ ለመስጠት አያፍርም።

በአገራችንም በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የሴፍቲኔት መርሐ ግብር ችግረኛ ገበሬዎች እርከን እየሠሩ እህል ወይም ገንዘብ ተቀብለዋል፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን የተማረው ወጣት በየከተማው ሥራ ፍለጋ ይንከራተታል፤ ሌላው በረሓ አቋርጦ ወደ ዐረብ አገር ወይም ወደ ሜዲትራኒያን ባሕር ይሄዳል፤ እናቱም በየወሩ ስለ ሰላሙ ትሳላለች። ሥራ ያጣ ወጣት በጎረቤቱ ላይ የሚያስነሣው ሰው ፈጥኖ ያገኘዋል፤ የጀርመን ታሪክ በሌላ አገር አይደገምም ብሎ የሚዋስልን የለም።

ስለዚህ ከገዥዎች የሚጠበቀው የሥራ አጡን ቍጥር ሳይደብቁ መናገር፥ በጥጋብ ጊዜ ለችግር ጊዜ ማዘጋጀት፥ የሚገነባ ሥራ መክፈት፥ ሥራ እስኪገኝ ድረስም ሰው እንዳይራብ መጠበቅ ነው። በሥልጣን ላይ ያላችሁ ምእመናን፥ ቅጥርን በዘመድና በእጅ መንሻ የምታደርጉ ከሆነ ማልዶ የመጣውን ሠራተኛ ከወይኑ ቦታ በር እየመለሳችሁት ነውና ንስሐ ግቡ። የቀን ሠራተኛ የምታሠሩ ሁሉ፥ ፀሐይ ሳትገባ ዋጋውን ስጡ (ዘዳ. 24፥15)። ካህናት ሆይ፥ በደጃችን የቆመውን ሳንጠይቅ አንገሥጸው፤ ከምእመናን መካከል ሥራ ያለውንና ሥራ የሚሻውን እናገናኝ፤ ደብሮቻችንም ካላቸው መሬት ላይ እጅ የሚያሠራ ነገር ይክፈቱ።

ያ ወጣት ከዚያ በኋላ በደጃችን አልታየም። የት እንደ ገባ አናውቅም፤ ጥያቄው ግን ከእኛ ጋር ቀርቷል። ባለቤቱ በዐሥራ አንድ ሰዓት ወጥቶ በጠየቀ ጊዜ፥ የሚጠራን አላገኘንም የሚሉ ልጆች በአገራችን አደባባይ ቆመው ቢያገኝ፥ ሒሳቡን ከእነርሱ ብቻ አይጠይቅም፤ ከገዥዎችም ከእኛም ይጠይቃል። ያን ጊዜ የምንመልሰው በጎ ሥራ እንዲኖረን አምላካችን በቸርነቱ ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።