የእግዜር እንግዳና የመንገድ ደንበኛ

«የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» እያለ ደጅ የሚቆም መንገደኛ በአውራ ጎዳናዎች ዳር ድምፁ ከተሰማ ቆይቷል። በእርሱ ምትክ አውቶቡስ ይቆማል፤ ረዳቱ «ምሳ! ሠላሳ ደቂቃ!» ብሎ ያውጃል፤ ተሳፋሪውም አንድ አልጋ እንኳ የሌለው ሆኖ ሳለ «ሆቴል» የሚል ሰሌዳ ወደ ሰቀለ ቤት ይጎርፋል። በአስተናጋጁና በእንግዳው መካከል ገንዘብ ገብቷል። ለመሆኑ ገንዘቡ ሲገባ ከአሮጌው ግዴታ የወጣው ምንድን ነው? የቀረውስ?

ማዕድን በዋጋ መሸጥ አንድ ዘመን ነውር ነበር። እቴጌ ጣይቱ በ1900 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ሆቴላቸውን ሲያስከፍቱ፥ መኳንንቱ ምግብን በገንዘብ መግዛት ስላሳፈራቸው ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው በልተውና ሂሳብ ከፍለው አርአያ እንደሆኗቸው ይነገራል። ይህን የመሰለውን እየጠቀሱ «ድሮ ቀረ» የሚሉ አሉ። ሐዘናቸው ግን ግማሽ እውነት ነው፤ የዚያ ቸርነት ወጪ በማን ትከሻ ላይ ይወድቅ እንደነበር አይጠይቁምና። እንግዳ በድንገት ሲመጣ በሌሊት ወፍጮ ላይ የምታጎነብሰው ሴት ነበረች፤ ሠራዊት በየቤቱ ሲመራበትም ገበሬው ያቀርብ የነበረውን ማዕድ ቸርነት ብሎ መጥራት ስላቅ ይሆናል። የሽሮዋን ዋጋ በአደባባይ የምትናገር ባለ ምግብ ቤት፥ ቢያንስ ድካሟ ዋጋ እንዳለው አሳውቃለች።

ይሁን እንጂ ዋጋ መኖሩ ብቻውን ሐቀኝነትን አያስከትልም። ጀርመናዊው ፈላስፋ አማኑኤል ካንት እ.ኤ.አ. በ1785 ባሳተመው የሥነ ምግባር መጽሐፉ፥ ገበያ ለማያውቅ ገዢም ሆነ ለሕፃን በእኩል ዋጋ የሚሸጥ ነጋዴን በምሳሌነት ያነሣል፤ ነጋዴው ይህን የሚያደርገው ግዴታን አክብሮ ሳይሆን ጥቅሙን አስልቶ ሊሆን ይችላልና፥ ከድርጊቱ ብቻ ኅሊናውን ማወቅ አይቻልም። በሰፈር ሱቅ ይህ እውነት ነው። የመንገድ ዳር ምግብ ቤት ግን ጥያቄውን እርቃኑን ያወጣዋል። ከጣርማ በር ዋሻ ቁልቁል ወርዶ ደብረ ሲና ላይ ለምሳ የሚቆመው የደሴ መንገደኛ፥ ተመልሶ እዚያው ቤት የመቀመጡ ነገር የዕድል ጉዳይ ነው። (ከተማይቱ ለአብነት ተጠራች እንጂ የምትታወቀው በገብስ ቆሎዋ ነው።) ስለዚህ የትናንቱን ወጥ አሙቆ ማቅረብ ይቻላል፤ ያልታዘዘ ውሃ ሂሳብ ላይ መጨመር ይቻላል፤ ከሁሉም የረቀቀው ደግሞ፥ መልሱን የአውቶቡሱ ጡሩምባ እስኪነፋ ማዘግየት ይቻላል። ያን ጊዜ መንገደኛው ከመልሱና ከወንበሩ አንዱን ይመርጣል።

እዚህ ላይ ቤቱ ቋሚ ደንበኛ የለውም ማለት አይደለም። አለው፤ ሾፌሩ ነው። በየጊዜው የሚያልፈው እርሱ፥ የት እንደሚቆም የሚወስነውም እርሱ ነው፤ ብዙ ጊዜም እርሱና ረዳቱ ጥብስ ቀርቦላቸው ሳይከፍሉ ይነሣሉ። የሚከፍለው አይመርጥም፤ የሚመርጠው አይከፍልም። ሃምሳው ተሳፋሪ በዚህ ውል ውስጥ ወገን ሳይሆን ሸቀጥ ነው፤ የሾፌሩም ጥብስ በሃምሳው ሽሮ ላይ ተከፋፍሎ ተደምሯል። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ መሪ የጨበጠ ሰው መብላት ይገባዋል፤ ማንም አይነፍገውም። ግን ሰውን ሁሉ ወደማያውቀው ማዕድ የሚነዳ ሰው፥ ጓዳውን አንድ ጊዜ እንኳ ብቅ ብሎ ማየት አይገባውምን?

ተጓዡም ከፈተናው ነፃ አይደለም። እርሱም ተመልሶ አይመጣም። በሰፈሩ «እባክሽ እኅቴ» የሚለው ሰው እዚህ ሲደርስ ያጨበጭባል፤ ከገጠር መጥታ ትሪ መሸከም ገና የምትለማመደውን ልጅ ስለዘገየው ሽሮ ይቆጣታል፤ ስሟን የሚጠይቅ የለም። ይኸው ሰው ግን አጠገቡ ለተቀመጠው፥ ከየት እንደመጣ ለማያውቀው ተሳፋሪ «እንብላ» ማለቱን አይረሳም፤ ያውም ከልቡ። እያንዳንዱ ለየራሱ በሚከፍልበት እንጀራ ላይ «እንብላ» ማለት በሂሳብ ትርጉም የለውም። ሆኖም ቃሉ ከገበሬው ጎጆ እስከ ባለ ሰሌዳው ቤት ሳይሰበር ደርሷል። ለአስተናጋጇ ብቻ አይደርስም።

ደጅ የቆሙት ሕፃናት የሚጠብቁት ትራፊውን ነው፤ አጠራቅማ የምትሰጣቸውም ይህችው ልጅ ናት። ጡሩምባው ሲነፋም አልፎ አልፎ፥ ባለቤቲቱ ያዘገየችውን መልስ ጨብጣ ወደ አውቶቡሱ መስኮት ስትሮጥ ትታያለች። ከዚያ መስኮት የምታገኘው ጥቅም የለም፤ ስትመለስ የሚጠብቃት ምናልባት ቁጣ ነው። ረዳቱ በሩን መታ መታ አድርጎ «ሳበው!» ይላል።